ሦስት ሽማግሌ የሚችል ወለል

እኛ ቤት እንግዳ የሚገባው በተሳፋሪ በር ነው። በሾፌሩ በር የሚገባው አባቴ ብቻ ነው። ቤታችን አውቶቡስ ስለሆነ ነው እንዲህ የምለው። አፍንጫው ረጅም፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ አውቶቡስ ነው። አባቴ ከጅማ በበደሌ በኩል መቱ፣ ከመቱ ደግሞ ጎሬ እያመላለሰ ብዙ ዓመት ነድቶታል። ባለንብረቱ አዲስ አውቶቡስ የገዙ ጊዜ አሮጌውን ለአባቴ ሰጡት። «ውሰደው፤ አብራችሁ አርጅታችኋል፣ አብራችሁ ጡረታ ውጡ» አሉት።

አባቴ ወንበሮቹን ነቃቅሎ አወጣና ከኋላ አልጋ፣ ከመሃል ሣጥንና ምድጃ፣ ከፊት በግራና በቀኝ ሁለት አግዳሚ አደረገ። በበጋ እንዞርበታለን። የሁሩሙ ገበያ ሲሆን ሁሩሙ፣ የያዮ ሲሆን ያዮ እንሄዳለን። እናቴ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ትሸጣለች፤ ማርና ቡና ትገዛለች። ዳሪሙ መኪና ስለማይገባ የዳሪሙን ሰዎች የእግር መንገዳቸው ከመኪናው መንገድ ከሚገናኝበት ላይ ቆመን እንጠብቃቸዋለን። ማራቸውን ተሸክመው ሲደርሱ አውቶቡሱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ዘንድሮም አለ?» ይላሉ። ስለ ሽማግሌ ዘመድ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት።

ክረምት ሲገባ መቱ ዳር፣ ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ቆመን እንከርማለን። በሌላ አገር ክረምት ይገባል፣ ይወጣል ይባላል። እኛ አገር መግባቱን ሁሉም ያውቃል፤ መውጣቱን ግን ሰው ተከራክሮ ነው የሚያውቀው። ለብረት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። አውቶቡሱ ከላይ ዝናብ፣ ከሥር ጭቃ፣ ከውስጥ የእናቴ ድስት እንፋሎት ይዞት በሦስት ወገን ይዝጋል። እናቴ የወለሉን ቀዳዳዎች እንደ ጎረቤት ታውቃቸው ነበር። በአንድ እጇ ድስት፣ በሌላው ቅል ይዛ፣ አንዱንም ሳትረግጥ ከምድጃው እስከ በሩ ትሄዳለች። እንግዳ ሲመጣ ግን እየቀደመች «እዚህ ጋ አይርገጡ፣ እዚያም ጋ አይርገጡ» ማለቷ አይቀርም ነበር። በዚህ ታፍር ነበር።

ዝገቱን የምጠግነው እኔ ነበርኩ። አባቴ ወገቡን ስለሚያመው ከሥር መግባት አይችልም። እኔ ቀጭን ነኝ፤ በዚያ ላይ ከሥር መሆን እወዳለሁ። ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። አስተማሪው «ተነሺና አንብቢ» ሲሉኝ እነሣለሁ፤ ድምፄ ግን አብሮኝ አይነሣም ነበር። እንግዳ ሲመጣም መደበቂያ እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው ቤት ጓዳ አለ፤ አውቶቡስ ጓዳ የለውም። ስለዚህ ጓዳዬ ከሥር፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎችና በካምቢዮው መካከል ያለችው ቦታ ሆነች። ጆንያ አንጥፌ በጀርባዬ እተኛና ዝገት ስፍቅ እውላለሁ። እዚያ ሆኜ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በጫማው አውቀዋለሁ። ፊቱን ባየው ግን አላውቀውም።

ሥራው እንዲህ ነው። አባቴ ከላይ ሆኖ ወለሉን በተረከዙ እየረገጠ ይሄዳል፤ እኔ ከሥር በመዶሻ እከተለዋለሁ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል። የታመመ ብረት ያጉረመርማል። የሞተ ብረት ዝም ይላል። እኔ መጮኽ ስለማልወድ በመዶሻ ነበር የምነግረው፤ አንዴ ከመታሁ ጤነኛ ነው፣ ሁለቴ ከመታሁ ታሟል፣ ሦስት ጊዜ ከመታሁ ሞቷል ማለት ነው። ሦስት ሲሰማ አባቴ ከላይ «ነፍስ ይማር» ይልና በጠመኔ መስቀል ያደርግበታል። ከዚያ እኔ የሞተውን ቆርጬ አወጣለሁ፣ ዳር ዳሩን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ ቀዩን የዝገት መከላከያ ቀለም እቀባለሁ። አባቴ ከበርሜል የተቆረጠ ላሜራ ይደርብበትና በቡሎን እናስረዋለን። እንዲህ እያልን ከኋላ ተነሥተን ወደ ፊት ስንመጣ ሁለት ክረምት አለፈ። ከፊት ትልቁ ቀዳዳ ብቻ ሲቀረን ነው ሽማግሌ የተላከብኝ።

ትልቁ ቀዳዳ ከተሳፋሪ በሩ ገባ እንዳሉ፣ በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ነበር። የፊት ጎማው ጭቃ የሚረጨው እዚያ ላይ ስለሆነ ብረቱ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ነው የሞተው። የሞተውን ቆርጬ ሳወጣው በግ ታስሮ የሚወርድበት ያህል ሆነ። ላሜራው ከጅማ በአውቶቡስ ይላክልናል ተብሎ ነበር፤ መንገዱ ተበላሽቶ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ ሁለት ጣውላ ጣል አድርገን እንሻገር ነበር።

ሊያገባኝ የጠየቀው ሰውዬ የጎሬ ሰው ነበር፤ ጨርቅ ይሸጣል። ጎሬ ገበያ ላይ ጨው ስሰፍር አይቶኛል ተባለ። እኔ አላየሁትም። ሰው ሲያየኝ መሬት መሬቱን ስለማይ ምናልባት ጫማውን አይቼው ይሆናል። እናቴ ስለ ሰውየው ብዙም አልጠየቀችም። ስለ ቤቱ ግን ጠየቀች። «ወለሉ ሳንቃ ነው» አሏት ወሬውን ያመጡት ሰዎች።

«ሳንቃ?»

«ሳንቃ ነው እትዬ። የሚወለወል።»

እናቴ እንደዚያን ቀን ተደስታ አላየኋትም። ማታ እህል ስትለቅም እንኳ «ሳንቃ» እያለች ፈገግ ትል ነበር።

አባቴ ከሥር ሆኜ ስሠራ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ «ምን ትያለሽ አንቺ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ይባላል። እኔ ግን ለሁሉም ነገር ዝም ስለምል አባቴ ተቸገረ። ትንሽ አሰበና፣ «ይሄ የትኛው ዝምታሽ ነው?» አለኝ። ለእሱም ዝም አልኩ።

ልነግረው የፈለግሁት ግልጽ ነበር። ጎሬ መሄድ አልፈለግሁም። ሰውየውን ጠልቼው አይደለም። ሁለት ክረምት በጀርባዬ ተኝቼ የጠገንኩት ወለል ሊያልቅ አንድ ቀዳዳ ቀርቶት ነበር፤ በመስከረም ሞተሩ ተነሥቶ ወደ ያዮ ስንወርድ በጠገንኩት ላይ ቆሜ ጫካውን ማየት እፈልግ ነበር። ይህን በሆዴ አንዴም ሳልሳሳት ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ። ከአፌ መውጣት ነው እምቢ ያለው።

አባቴም የልቤን የጠረጠረ ይመስለኛል። «እንግዲያው ከመስቀል በኋላ እንነጋገር ብዬ እመልሳቸዋለሁ። እስከዚያ ታስቢበታለሽ» አለና ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ ተባለ። ወሩ ግንቦት ነበር፤ እኛ አገር ዝናቡ ያኔ ገብቷል። ግንቦት አይዳርበትም እንጂ ይጠየቅበታል። ላሜራው አሁንም አልመጣም። እናቴ፣ «ሽማግሌ በጣውላ እንደ ዥረት ሊሻገር ነው?» ብላ ተቆጣች። አባቴ አንድ ቀን ሙሉ አሰበና የእናቴን የቡና ማስጫ ቁርበት ይዞ መጣ።

«ይኸውልሽ! ቁርበት ሲደርቅ ከላሜራ በምን ያንሳል?»

«ሲረጥብስ?» አለች እናቴ።

«ለምን ይረጥባል? ቤት ውስጥ አይደለም እንዴ?»

እናቴ ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ ወለሉም አየች። አባቴ ቁርበቱን ወጠረና ዳር ዳሩን በሚስማር መታው። ከዚያ ከወለሉ ጋር አንድ እንዲመስል ቀለም ቀባው። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ብረት አይደለም የሚል አልነበረም። እኔ ከሥር ሆኜ በመዶሻ ነካ አደረግሁት፤ እንደ ከበሮ አለ። ለእንዲህ ያለ ድምፅ ምልክት አልነበረንም። ዝም አልኩ።

የአባቴ ሐሳብ ቀላል ነበር። «ከበሩ እስከ አግዳሚው ሁለት እርምጃ ነው። ይገባሉ፣ ተቀመጡ እላቸዋለሁ፣ ይቀመጣሉ። አግዳሚው ያለው ሻንሲው፣ የመኪናው አጥንት ላይ ነው፤ ዝሆንም ቢቀመጥበት ይችላል።»

አርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ብርዝ ስትበጠብጥ በድንገት እጇን ከእንስራው አወጣችና፣ «አንተ ሰው! ሽማግሌ መች ይቀመጣል?» አለች።

«እንዴት አይቀመጥም?»

«ጥያቄው ሳይመለስለት ሽማግሌ ይቀመጣል? አንተ እኔን ስታስጠይቅ አባቴ ቤት ሰዎችህ እስከ እኩለ ቀን ቆመው አይደል?»

አባቴ ዕድሜውን በመንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን የማያውቀው የለም፤ ወግ ግን ከመስኮቱ ውጭ እያለፈ የሚያየው ነገር ሆኖበት ነበር። ወደ ቁርበቱ አየ። ጠዋት የጀመረው ዝናብም አላቆመም።

ማንም ሳይነግረኝ የመኪና ማንሻውን ክሪክ ይዤ ከሥር ገባሁ። ክሪኩን ድንጋይ ላይ አቆምኩ፤ በላዩ የጣውላ ቁራጭ አደረግሁና ቁርበቱን ከሥር ደግፌ አየሁት። አባቴ ከላይ በአንድ እግሩ ረገጠው።

«እንዴት ነው?» አለ።

ሁለት ጊዜ መታሁ። ታሟል።

«ለአንድ ቀን ይበቃል» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ጥንድ ጫማ በጭቃው መጣ። ፊተኛው የላስቲክ ጫማ ነው፤ የቄሱ ነበር። ሁለተኛው ጥቁር የቆዳ ጫማ ሲሆን ባለቤቱ ቆም ብለው በቅጠል ጠረጉት፤ እኚህ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሦስተኛው ሰፊ ቦት ነው። ሲረግጥ የቀረውም መሬት ይንቀሳቀሳል። የቡና ነጋዴው ናቸው፤ መቱ ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አደባልቀው እያወሩ ሲስቁ ገበያው ይሰማቸዋል። እኔ እሳቸውን ሳይ ወደ ክሪኩ ዞርኩ።

ገቡ። ከሥር ሳየው ቁርበቱ እንደ ጠገበ ሆድ ወደ እኔ ወረደ። በርጥበቱ ለስልሷል። ከጎኑ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል አባቴን እስከ ጉልበቱ አየዋለሁ፤ ድምፃቸውን ሁሉ እሰማለሁ።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡና ተቀመጡ!» አለ አባቴ በችኮላ።

«አንቀመጥም» አሉ ጸሐፊው።

«ታኣ! ታኣ!» አለ አባቴ ለነጋዴው፤ በኦሮምኛ ከተባሉ ይቀመጣሉ ብሎ ይመስለኛል።

«እኔማ ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ ነጋዴው፤ «እኚህ ሰው ናቸው የከለከሉኝ።»

«መልእክት አለን። መልእክት ያለው ሰው ይቆማል» አሉ ጸሐፊው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ፣ አንደኛ፣ ዘመድነትን የሚመለከት ሲሆን…»

ክሪኩን አንድ ዙር አዞርኩት። ቁርበቱ ትንሽ ተነሣ፤ ድንጋዩ ግን ጭቃው ውስጥ መስመጥ ጀመረ።

«ገብቶኛል ጌታዬ፤ ያሳጥሩት» አለ አባቴ።

«ወግ አያጥርም። አንደኛውን አልጨረስኩም። የጠያቂው ወገን ማን ነው ለሚለው፣ በአባቱ በኩል ስንመለከት…»

በሰውየው አባት በኩል ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሄዱ። በእያንዳንዱ ትውልድ ድንጋዩ በጣት ያህል ሰመጠ። በአራተኛው ላይ አንዱ ሚስማር ከብረቱ ተነቅሎ ግንባሬ ላይ ወደቀ። ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። መዶሻውን አነሣሁና ሦስት ጊዜ መታሁ።

አባቴ ከልማዱ የተነሣ ጮክ ብሎ፣ «ነፍስ ይማር!» አለ።

ጸሐፊው ንግግራቸውን አቋረጡ። ቄሱ፣ «ማን ዐረፈ?» አሉ።

«ማንም… አንድ የዱሮ ወዳጅ ትዝ ብሎኝ ነው አባ።»

«የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

«አላውቀውም።»

«ወዳጅህ ሆኖ?»

«ብዙም አንግባባም ነበር።»

ቄሱ ግን ደግ ሰው ናቸው። «እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል» ብለው ጸሎት ጀመሩ። ሦስቱም ቆመው፣ አባቴና እናቴም ቆመው፣ ለወለላችን ነፍስ ተጸለየ። አጭር ጸሎት አልነበረም። እኔ ከሥር ክሪኩን እያዞርኩ «አሜን» አልኩ፤ በሆዴ።

ምናልባት አብዝቼ አዞርኩት። ነጋዴው በድንገት፣ «ኧረ! ወደ ላይ እየሄድኩ ነው!» አሉ።

«አውቶቡስ ነው» አለ አባቴ። «አንዳንዴ ይተነፍሳል።»

«ጎማው ነው» አለች እናቴ በዚያው ላይ።

«ቆሞ እያለ?»

«ሲቆም ይብስበታል።»

ነጋዴው ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሁሉ ሳቅ በቁርበቱ አልፎ እኔ ክንድ ላይ ደረሰ። ክሪኩ ዘመም አለ። ተስፋ ቆርጬ በሁለት ጉልበቴና በአንድ እጄ ጣውላውን ወደ ላይ ደገፍኩ። ከዚያ በኋላ መዶሻም መያዝ አልቻልኩም።

«ሁለተኛ» አሉ ጸሐፊው፣ «ስለ ኑሮው። ቤቱ አራት ክፍል ሲሆን ወለሉም ሳንቃ…»

እናቴ ትንፋሿን ስትስብ ከሥር ተሰማኝ።

«እባካችሁ ተቀመጡና ጨርሱት» አለ አባቴ። ድምፁ ላብ ላብ ይል ነበር። «ከመስቀል በኋላ እንነጋገራለን፣ አሁን ግን ተቀመጡ።»

«ከመስቀል በኋላ ካሉን እስከ መስቀል እንቆማለን» አሉ ጸሐፊው። እንዲህ ማለት ወግ ነው። አባቴ ግን በዚያ ሰዓት በእውነት የሚቆሙ ነው የመሰለው።

«እሺ ካልኩ ትቀመጣላችሁ?»

«ወዲያውኑ!» አሉ ነጋዴው።

የአባቴ ጉልበት አንዴ ወደ ቁርበቱ፣ አንዴ ወደ በሩ ሲዞር በቀዳዳዋ አየሁት። እኔን መስጠት አልፈለገም። ሽማግሌ ቤቱ ገብቶ ቢሰበርበት ደግሞ በመቱም በጎሬም መቆሚያ አይኖረውም። ከዚያም እኔ ከሥር አለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ቢወርድ በማን ላይ እንደሚወርድ ያውቃል። አሁን ሲገባኝ የፈራው ይህን ኋለኛውን ነው።

«እንግዲያው…» አለ አባቴ። «እንግዲያው እ…»

«አባባ! እሺ እንዳትል! ይዤዋለሁ!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ እኔም ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ የጠፋው ድምፅ ነው። ከቆርቆሮው ጋር ተጋጭቶ ከሰው ድምፅ በጣም ወፈረ።

ቄሱ ከላይ፣ «በስመ አብ! ከምድር ነው ወይስ ከሰማይ?» አሉ።

«ከእግሬ ሥር ነው!» አሉ ነጋዴው፤ ለማየትም ጎንበስ አሉ። ያን የሚያህል ሰው ጎንበስ ሲል ክብደቱ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ሚስማሮቹ አንድ በአንድ፣ እንደሚፈነዳ በቆሎ፣ ተነቀሉ። እኔ ወደ ጎን ተንከባለልኩ። ቁርበቱ አልተቀደደም፤ እንደ ርጥብ ቂጣ ተለጠጠና በአንድ በኩል ተከፈተ፤ በተከፈተው የነጋዴው ቀኝ እግር እስከ ጭኑ ወረደ። ቦቱ አፍንጫዬ አጠገብ ቆመ። ጭቃ እንዳይነካው ብዬ መሆን አለበት፣ ሳላስብ ያዝኩት።

«ማሎ! እባካችሁ!» ብለው ጮኹ ነጋዴው። «እግሬን አንድ ነገር ያዘኝ! ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ማን?»

«የምትጠየቀዋ።»

ያ የነጋዴው ሳቅ መጣ፤ ቦቱ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ጠያቂው አላገኛትም፣ እግሬ አገኛት! እግዜር ያሳያችሁ!»

«ተነሡ፣ ተነሡ» አሉ ጸሐፊው። «ሥርዓት አይደለም። ልጅቷ ባለችበት አይጠየቅም።»

«እኔ ብቻዬን መች እነሣለሁ? ጎትቱኝ እንጂ!»

አባቴና እናቴ ጎተቱ፤ አልወጣም። ቄሱ ግን ሌላ ነገር ያሰላስሉ ነበር። «ቆይ» አሉ በቀስታ። «ከተገኘች አይቀር ራሷ ብትጠየቅስ? እኛ ያላየናት እንደሆን ነውር የለውም። እሷ ከሥር፣ እኛ ከላይ። ወለልም እኮ መጋረጃ ነው።»

«ከወለሉ የቀረውን ነው የሚሉት?» አሉ ጸሐፊው።

«እግሬ እሷ ዘንድ ነው። እኔ ልጠይቃት» አሉ ነጋዴው፤ ድምፃቸውንም አለሰለሱ። «ልጄ፣ የጎሬውን ሰው ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም? አትፍሪ፤ ለእግሬ ንገሪው።»

ሰው ፊት ቢሆን ኖሮ አንዲት ቃል አይወጣኝም ነበር። ቦት ግን አያፈጥጥም። ደግሞም ከብዙ ሰው ፊት ይልቅ ጫማን ለምጃለሁ። ማሰሪያውን እያየሁ፣ «አልፈልግም» አልኩ። «ሰውየው አላስቀየመኝም። ግን አላውቀውም። ወለሉ ደግሞ አላለቀም፤ የቀረው ይሄ እርስዎ ያሉበት ብቻ ነው። በመስከረም ወደ ያዮ መውረድ እፈልጋለሁ። እማማ ሳንቃ ከፈለገች እኔ እሠራላታለሁ።»

ከላይ እናቴ፣ «ይህን ሁሉ የት አስቀምጣው ነበር?» ስትል ሰማሁ።

አባቴ ደግሞ በዝግታ፣ «ሰማችሁ» አለ። «የእኔም መልስ ይኸው ነው።»

ጸሐፊው አልተረቱም። «መልሱ እምቢታ ከሆነ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ቆመን ሄደን፣ ቆመን እንመለሳለን።»

«ቆመን?» አሉ ቄሱ። «አንዳችን እኮ ተቀምጠዋል።»

ሁሉም ወደ ነጋዴው ያዩ ይመስለኛል።

«እኔ? ተቀመጥኩ? እኔ እኮ ወደቅሁ እንጂ አልተቀመጥኩም!»

«ቂጥዎ ያለው የት ነው?» አሉ ቄሱ።

ነጋዴው በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ፈለጉት። «ወለሉ ላይ» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ የተቀመጠ እንደሆነ መልሱን ተቀብሏል፤ ነገሩም አልቋል።»

ጸሐፊው ብዙ አሰቡ። የፍርድ ቤት ሰው ስለሆኑ ለተቆረጠ ነገር ይገዛሉ። «የወደቀ ሽማግሌ ግን በመዝገብ ታይቶ አያውቅም» አሉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሻንሲው እንደተባለው ቻላቸው።

ነጋዴውን ያወጣናቸው ክሪኩን ከእግራቸው ጫማ ሥር አስገብቼ በቀስታ እያነሣኋቸው ነው። «አሁን የተነፈሰው አውቶቡሱ ነው?» እያሉ ወጡ። ከዚያ ብርዙን ጠጡ፣ ምሳ በሉ፤ ነጋዴው ለሁለት ሰው በሉ። እኔ እስኪሄዱ ድረስ አልወጣሁም። ሲወጡ ሰፊው ቦት በአጠገቤ ቆም አለና፣ «ደህና ዋይ፣ የእግሬ ወዳጅ» አለኝ።

በሳምንቱ ከነጋዴው ዘንድ በሁለት አህያ የተጫነ ዕቃ መጣ። አንደኛዋ ላይ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ግማሽ በርሜል ነበር። ሁለተኛዋ ላይ አምስት የዋንዛ ሳንቃ ነበር። ያመጣው ሰው፣ «በርሜሉ ለእግራቸው ነው፤ ሳንቃው ለእትዬ ነው ብለዋል» አለ። እናቴ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ በቀሚሷ ጠረገቻቸው። ስለ ጎሬ ከዚያ በኋላ አላነሣችም፤ አንዳንዴ ግን ምድጃው ጋ ሆና፣ «አራት ክፍል» ትላለች ለብቻዋ።

ላሜራውን ስንለካ አባቴ ጠመኔውን ይዞ፣ «ስንት ሽማግሌ እንዲችል እናድርገው?» አለኝ።

«ሦስት» አልኩ።

«አራት ይሁን። ሌላም መምጣቱ አይቀርም፤ የሚመጣው ቢወፍርስ?»

በሃያ አራት ቡሎን አሰርነው፣ ዳሩን በስቱኮ ደፈንን፣ ቀዩን ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባን፣ ከላዩ የእናቴን ሳንቃ መታን። ሲደርቅ እኔ ከሥር ገባሁ። አባቴ ከላይ ሆኖ በተረከዙ ረገጠ፣ ቀጥሎ ዘለለ፣ ቀጥሎም እናቴን ጠርቶ አብረው ቆሙበት። እኔ በመዶሻ ነካ አደረግሁት። ጮኸ።

«በመስከረም ያዮ?» አለ አባቴ ሆን ብለን ሳንደፍናት በተውናት፣ በዚያች ጣት በምታስገባ ቀዳዳ በኩል።

አንድ ጊዜ መታሁ።